35,786 ኪሎ ሜትር፦ ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ወዴት ነው የሚያየው?

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ጣሪያዎቹን ብትመለከቱ፣ ዲሾቹ በሁለት ጎራ ተከፍለው ታገኟቸዋላችሁ። አንዱ ጎራ ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ፊቱን ለጎረቤት ግድግዳ የሰጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ሌላው ጎራ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጋደል ብሏል፤ ዝናብ ሊቀበል የተዘጋጀ ይመስላል። የመጀመሪያው ናይልሳትን ያያል። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ2019 ተሰባስበው የገቡበትን፣ ሁላችንም ኢትዮሳት የምንለውን ያያል። ኢትዮሳት የመድረኩ ስም ነው እንጂ ከላይ ያለው ሳተላይት ኤንኤስኤስ-12 ይባላል፤ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት ነው።

ናይልሳት ያለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍታው። ኤንኤስኤስ-12 በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሲሸልስ ደሴቶች ሰሜን ምሥራቅ ካለው ውቅያኖስ በላይ ነው፤ ከእኛ ሲታይ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። የዲሽ ባለሙያዎች ያንን ሰሞን ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለሉ ሥራ የበዛላቸው በዚህ ምክንያት ነበር። አንድ ከተማ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ።

ታዲያ ዲሹ አንዴ ከተስተካከለና ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ለዓመታት አይነካም። ሳተላይቱ ግን በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ማለት ነው። ይህን ያህል የሚበር ነገር እንዴት ከዲሻችን ፊት ዞር አይልም? ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ነው የሚነሳው፤ መልሱም አንድ ቁጥር ነው፦ 35,786 ኪሎ ሜትር።

ቁጥሩን ማንም ቁጭ ብሎ አልመረጠውም፤ የወሰነችው ምድር ናት። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ይዞራታል። በ384,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለችው ጨረቃ 27 ቀን ይፈጅባታል። ከፍ ባልን ቁጥር የምድር ስበት ይላላል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል፣ መንገዱም ይረዝማል። እንግዲህ ከአንድ ሰዓት ተኩልና ከ27 ቀን መካከል፣ ዙሩ ልክ አንድ ቀን የሚሆንበት ከፍታ መኖር አለበት። ያ ከፍታ 35,786 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ያለ ሳተላይት ምድር በራሷ ዛቢያ አንዴ ስትዞር እሱም አንዴ ይዞራል። ለእኛ የቆመ ይመስለናል። (ለጥንቃቄ ያህል፣ ያ “አንድ ቀን” 24 ሰዓት ሳይሆን 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ ምድር ከፀሐይ ሳይሆን ከከዋክብት አንጻር የምትዞርበት ጊዜ ስለሆነ።)

አንድ ነገር ግን ይቀራል። የማንኛውም ሳተላይት ምህዋር የተዘረጋበት ጠለል በምድር ማዕከል ማለፍ አለበት። ስለዚህ ሳይወዛወዝ ቆሞ የሚታየው ከምድር ወገብ በላይ የሆነው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከመስቀል አደባባይ በላይ አናት ለአናት የሚቆም ሳተላይት የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ለዚህ ነው ዲሾቻችን ሁሉ፣ የምዕራቡም የምሥራቁም፣ በጥቂቱ ወደ ደቡብ የሚያዘነብሉት።

ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን የሚያይ ሳተላይት 42 በመቶ የሚሆነው የምድር ገጽ ይታየዋል። ሦስት ሳተላይት በ120 ዲግሪ ልዩነት ብታስቀምጡ ከዋልታዎቹ አካባቢ በቀር ዓለምን አዳረሳችሁ። ይህን ሐሳብ አርተር ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1945፣ አንድም ሳተላይት ወደ ጠፈር ባልወጣበት ዘመን፣ በአንድ የሬዲዮ መጽሔት ላይ አውጥቶት ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ሥራው የተጀመረው በ1963 ነው። ሲንኮም 2 የምትባለው፣ የዛሬዎቹ በቶን ሲመዘኑ እሷ 40 ኪሎ እንኳ የማትሞላ ሳተላይት በሐምሌ ወር መጠቀች። በነሐሴ 23 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከዋሽንግተን ሆነው በእሷ በኩል ስልክ ደወሉ። ማን ጋ መሰላችሁ? ለንደን ወይም ፓሪስ አይደለም፤ ሌጎስ ነው። ያናገሯቸው የናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፈዋ ባሌዋ ነበሩ፤ ሌጎስ ወደብ ላይ ኪንግስፖርት የተባለች፣ ትልቅ አንቴና የተሸከመች የአሜሪካ መርከብ ቆማ ነበር። ባሌዋ ከሦስት ወር በፊት እዚህ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከተገኙት መሪዎች አንዱ ናቸው። የዚህ ዓይነት ሳተላይት ያስተናገደው የመጀመሪያው የመሪዎች የስልክ ውይይት አንዱ ጫፉ አፍሪካ ውስጥ እንደነበር ስናወራ አልሰማም፤ ብናወራው መልካም ነው።

ሲንኮም 2 እንኳን ፈጽማ አትቆምም ነበር፤ ሰማይ ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትመላለሳለች። በእርግጥ ቆማ የታየችው ሲንኮም 3 ናት፤ በ1964። እሷም በጥቅምት የቶኪዮን ኦሊምፒክ ሥዕል በቀጥታ ወደ አሜሪካ አሻገረች። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያጠለቀበት ኦሊምፒክ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ኧርሊ በርድ የተባለችው የመጀመሪያዋ የንግድ ሳተላይት በአትላንቲክ ላይ ቦታዋን ያዘች፤ የምትችለው 240 የስልክ መስመር ወይም አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። በሐምሌ 1969፣ ሰው ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የሕንድ ውቅያኖሱ ሳተላይት ሥራ ጀመረና ሦስቱም ውቅያኖሶች ተሸፈኑ። የክላርክ ሥዕል በ24 ዓመቱ ሞላ። እኛም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሱሉልታ ላይ የምድር ጣቢያ ተክለን ገባንበት።

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስና አንዱን ዲሽ ቀረብ ብለን እንየው። ብዙዎቻችሁ በቃል የምታውቁት ቁጥር አለ፦ 11105፣ ኤች፣ 45000። ሪሲቨሩ ላይ አስገብታችሁ “ፈልግ” ያላችሁት ነው። የመጀመሪያው ሞገዱ በሰከንድ 11 ቢሊዮን 105 ሚሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ ይነግረናል። ኤች ሞገዱ አግድም መርገብገቡን ነው፤ ቪ ደግሞ ሽቅብና ቁልቁል። አንዱን ፍሪኩዌንሲ በሁለቱም አቅጣጫ መጠቀም ስለሚቻል በዚያው ሰማይ እጥፍ ጣቢያ ይጫናል። ሪሲቨሩ ኤች ሲፈልግ በገመዱ 18 ቮልት፣ ቪ ሲፈልግ 13 ቮልት ይልካል፤ ከዲሹ ፊት ለፊት የተተከለው መቀበያ፣ ኤልኤንቢው፣ ትእዛዙን የሚረዳው ከቮልቱ ነው። 45000 በሰከንድ የሚመጡት ምልክቶች ብዛት ነው፣ በሺህ፤ ማለትም 45 ሚሊዮን። ሜኑው ውስጥ 9750/10600 የሚል ነገርም አይታችኋል። ያ 11 ጊጋኸርትዝ በተራ ገመድ ውስጥ ሩቅ ስለማይሄድ፣ ኤልኤንቢው ከ11105 ላይ 9750 ቀንሶ በ1355 ወደ ቤት ያወርደዋል። ይኸው ነው ምሥጢሩ።

ሳተላይቱ በበኩሉ ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። ከምድር በ14 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የተላከለትን ይቀበላል፣ ወደ 11 ወይም 12 ዝቅ ያደርገዋል፣ ያጎላዋል፣ መልሶ ይለቀዋል። ይህን የሚሠራው ክፍል ትራንስፖንደር ይባላል። የሚቀበልበትና የሚለቅበት ፍሪኩዌንሲ የተለያየው የራሱ ድምፅ ጆሮውን እንዳይደፍነው ነው። አንድ ትራንስፖንደር የሚለቀው ኃይል ከ100 እስከ 150 ዋት አካባቢ ነው። ድሮ ሳሎናችን ላይ የሚንጠለጠለው ክር ያለው አምፖል 100 ዋት ነበር። ያንን አምፖል 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሰቅላችሁ፣ ከእሱ የሚመጣውን በ90 ሴንቲ ሜትር ሰሃን ሰብስባችሁ የእግር ኳስ ግጥሚያ ታዩበታላችሁ። እኔ ይህ ነገር ከገባኝ ጀምሮ “ሲግናል የለም” የሚለው ጽሑፍ አያናድደኝም፤ የሚገርመኝ አብዛኛውን ጊዜ መኖሩ ነው።

ከዚህ ድክመት የተነሳ ዲሹ ዝንፍ አይልም። 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠርዙን በ3 ሴንቲ ሜትር ገፋ ብታደርጉት ከሳተላይቱ ወጥታችኋል። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ሆኖ “መጣ! ሄደ! መልሰው! በቃ አትንካው!” የሚባባሉት ለዚህ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ደግሞ ሪሲቨሩ ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች ኢንቴንሲቲ የሚለውን አያምነውም፤ ኤልኤንቢው መብራት ካገኘ እሱ ባዶ ሰማይም ላይ ከፍ ይላል። የሚያየው ኳሊቲ የሚለውን ነው።

ክረምት ላይ ለምን ይቆራረጣል? የዚህ ሞገድ ርዝመት 2.7 ሴንቲ ሜትር ነው። የከባድ ዝናብ ጠብታ በሚሊ ሜትር የሚለካ ስለሆነ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። በ1990ዎቹ በየሆቴሉ ግቢ ይታዩ የነበሩት ግዙፍ ዲሾች በ4 ጊጋኸርትዝ ስለሚሠሩ ዝናብ እምብዛም አያሳስባቸውም ነበር። እኛ ትንሽ ዲሽ ፈለግን፤ ዋጋውን በሐምሌ ዶፍ እየከፈልን ነው።

ዝናብ በሌለበት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚመጣ መቆራረጥም አለ፤ ይኼኛው ብዙ ሰው ዲሽ ሠሪ እንዲጠራ ያደርገዋል። ፀሐይ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ የሬዲዮ ሞገድ ትለቃለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ዲሻችን ሁለቱን አንድ ላይ ያያል፣ የፀሐይዋ ጫጫታም ሳተላይቱን ይውጠዋል። ለአዲስ አበባና ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስሌቱን ብትሠሩት ቀኑ በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻና በመስከረም አጋማሽ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ይውላል። የመስከረሙ ከመስቀል በዓል ጋር ይገጣጠማል ማለት ይቻላል። ሰዓቱ ረፋድ ላይ 5 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ለጥቂት ቀናት ይደጋገማል፣ በራሱ ይጠፋል። እባካችሁ በዚያ ሰሞን ብሎኑን አትፍቱ።

ርቀቱ ኃይልን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ያስከፍላል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስልክ ከሆነ የእናንተ ቃል ሲደርስ ሩብ፣ መልሱ ሲመጣ ሌላ ሩብ፤ ግማሽ ሰከንድ። ዘመድ ከአሜሪካ ሲደውል “ሃሎ… ሃሎ… ትሰሚኛለሽ?” እየተባለ ሁለቱም እኩል ይናገሩ፣ ሁለቱም እኩል ዝም ይሉ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የሰው ጨዋታ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ አይችልም። መልስ የዘገየበት ሰው ያልተሰማ ይመስለዋል፤ ይደግማል፤ ያኔ መልሱና ድግሙ መንገድ ላይ ይጋጫሉ። ይህን ማንም መሐንዲስ ሊያስተካክለው አይችልም። የባሕር ውስጥ የፋይበር ገመድ የስልኩን ሥራ የነጠቀው በዚህ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ የዚህ ሳተላይት መልካሙም ክፉውም የሚመነጨው ከዚያው ርቀት ነው። ሩቅ ስለሆነ 42 በመቶ የሚሆነውን የምድር ገጽ ያያል። ሩቅ ስለሆነ መልስ ይዘገይበታል። አንዱ ተናግሮ ሚሊዮኖች ለሚሰሙት ነገር ተወዳዳሪ የለውም፤ አድማጩ አንድ ሰውም ሆነ አሥር ሚሊዮን ወጪው ያው ነው። ለመነጋገር ግን አልተፈጠረም።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ወጣቶች ይህን በራሳችሁ ቆዳ አይታችሁታል። ፕላዝማ! ከ1997 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ወደየክፍሉ መግባት ጀመረ። እንደ ሥርጭት ካየነው ድንቅ ሥራ ነበር፤ ጎዴም ሁመራም ያለ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል፤ በየተራራው ማማ መትከል አላስፈለገም። ግን ያ መምህር እንግሊዝኛውን ያነበንበዋል፣ “አሁን ሥሩት” ይላል፣ ደብተር ሳይገለጥ ይቀጥላል። እጅ ብታወጡ አያያችሁም። ብዙ ሰው ጥፋቱን በቴክኖሎጂው ላይ ጣለ። እኔ አልስማማም። ሳተላይቱ የሚችለውን አደረገ፤ ስህተቱ ጥያቄና መልስ የሚፈልገውን የክፍል ትምህርት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚናገር ነገር መስጠቱ ላይ ነው።

ለተፈጠረበት ሥራ ያዋለው ሰውም ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ ሳማራ ወርልድስፔስ የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ በ1998 አፍሪስታር የተባለች ሳተላይት በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ አስቀመጠ። ዓላማው ለአፍሪካ በቀጥታ ከሰማይ ሬዲዮ ማሰማት ነበር። ፍሪኩዌንሲው 1.5 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ስለሆነ ሰፊ ሰሃን አይፈልግም፤ ትንሽ ጠፍጣፋ አንቴና ያለው ሬዲዮ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ኩባንያው በ2008 ኪሳራ አወጀ። ሬዲዮው ውድ ነበር፤ ወርሃዊ ክፍያም መጣበት፤ የሚፈልገው ሕዝብ የሚከፍል አልሆነም። ቢሆንም አፍሪካን ከሌላው ሽፋን የተረፈ ጫፍ ሳይሆን የሥራው መሀል አድርጎ የተነሳ ሰው ስለሆነ፣ እኔ ስሙን ሳልጠራ ማለፍ አልወድም።

አሁን ከተሰብሳቢው የመጡትን ጥያቄዎች ላንሳ።

አንዲት እህት፣ “እናቴ አዲስ አበባ የምታየውን ዋሽንግተን ሆኜ በዲሽ ላየው እችላለሁ ወይ?” ብላለች። ያንኑ ሳተላይት አታይውም። በ57 ዲግሪ ምሥራቅና በዋሽንግተን መካከል 134 ዲግሪ አለ፤ ሳተላይቱ ለአንቺ ከአድማስ በታች ነው፣ መሬቷ ትጋርደዋለች። ጣቢያው አሜሪካ በላይ ወዳለ ሌላ ሳተላይት ወይም ወደ ኢንተርኔት መሻገር አለበት። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ሰው ደግሞ ከአድማስ በላይ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ሳተላይት ጨረሩን ወደ ተፈለገው አገር ቆንጥጦ ስለሚልክ፣ ሳተላይቱ መታየቱ ብቻውን ሥዕል አያመጣም።

ሌላ ወንድም፣ “ይህ ሁሉ ሳተላይት በአንድ መስመር ላይ ሆኖ አይጋጭም?” ይላል። በዚያ ከፍታ አንድ ዲግሪ 736 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቦታው ሰፊ ነው። ግን ሳተላይቱን ዝም ብላችሁ ብትተዉት አይቆምም። የፀሐይና የጨረቃ ስበት ወደ ሰሜንና ደቡብ ያወዛውዘዋል፤ ምድርም ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች ወደ ጎን ትጎትተዋለች። ስለዚህ በየጊዜው በትንሽ ሮኬት እየተገፋ ይመለሳል፤ ዕድሜውን 15 ዓመት ገደማ ላይ የሚገድበው በአብዛኛው ይህ ነዳጅ ማለቁ ነው። የመጨረሻዋን ጠብታ ተጠቅመው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ከመንገድ ያወጡታል። በ2010 ጋላክሲ 15 የተባለው ትእዛዝ መስማት አቆመ። ማሰራጨቱን ግን አላቆመም። ክፍት አፉን እንደያዘ በጎረቤቶቹ መሀል ለወራት ተንሸራተተ፤ ባትሪው ሲያልቅ ራሱን አጥፍቶ ተነሳና በዓመቱ መጨረሻ እንደገና ታዘዘ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሱት አንድ አባት ናቸው፦ “በእኛ አቆጣጠር በ2012 ሳተላይት አመጠቅን ተብለን ነበር። ታዲያ ለምን እስካሁን የሰው እንከራያለን?” ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባቴ። ያቺ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንድትዞር፣ መሬትን እንድታይ የተሠራች ናት፤ ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ መረጃ ሰብሳቢ። በእኛ ሰማይ የምታልፈው ለደቂቃዎች ነው፤ ቴሌቪዥን አታሰራጭም።

የራሳችን ይኑረን ወይ ለሚለው፣ የሌሎች አፍሪካ አገሮችን ታሪክ እንይ። ናይጄሪያ በ2007 የራሷን የመገናኛ ሳተላይት አመጠቀች፤ በዓመት ተኩሉ የፀሐይ ኃይል ክፍሉ ተበላሽቶ ሞተ፤ ምትኩን ያገኘችው በ2011 ነው። አንጎላ በ2017 አመጠቀች፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ጠፋ፤ ሁለተኛው በ2022 ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ አንድ ቁልፍ ካልተከፈተ ጥገና የሚልክለት የለም። ስለዚህ ለእኔ ዛሬ ከመግዛት መከራየት ይሻላል። ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ እንደሚያም አውቃለሁ።

ቦታውን ግን ችላ ማለት የለብንም። ምህዋሩ ላይ ያለውን ስፍራና ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው፤ በአብዛኛው ቀድሞ ያስመዘገበ ይቀድማል፤ ያስመዘገበም በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይለቃል። በ1976 ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ዛየርንና ኮንጎን ጨምሮ ስምንት የምድር ወገብ አገሮች ቦጎታ ላይ ተሰብስበው “ከአናታችን በላይ ያለው ምህዋር የእኛ ነው” ብለው ፈረሙ። ማንም አልተቀበላቸውም። በሕጉ ባይረቱም ስጋታቸው ትክክል ነበር፤ ጥሩ ጥሩው ቦታ ገንዘብና ሮኬት ባላቸው ሊያዝ እንደሚችል አይተዋል። ከምድር 500 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው የሚዞሩት አዳዲሶቹ በሺህ የሚቆጠሩ የኢንተርኔት ሳተላይቶች የመዘግየቱን ችግር ቢፈቱም፣ ቴሌቪዥን ለአንድ አገር በሙሉ በርካሽ ለማድረስ ያ ሩቁ ቦታ ገና ብዙ ዓመት ይፈለጋል። ለኪራይ የምንደራደረውም ሆነ አንድ ቀን የራሳችንን የምንሰቅለው፣ ማመልከቻውን በጊዜው የሚያስገባና የሚከታተል ሰው ሲኖረን ነው። ያ ሰው ሮኬት አያስፈልገውም፤ ጥሩ መሐንዲስና ጥሩ የሕግ ባለሙያ አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ይበቃል።